ታጥፏል ያልኩት ክንድ

ድምፁ ነው ቀድሞ የመጣው። ባለፈው ሳምንት ከክሊኒክ ስመለስ እግሬን ላሳርፍ ብዬ ሐይቁ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገብቼ፣ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ «ቷ» አለ። ደረቅ እንጨት ጠንካራ ኳስን ሲያገኝ የሚያወጣው ድምፅ ነው፤ ከሌላ ድምፅ ጋር አይምታታብኝም። ዞር ስል ሰማያዊ የለበሱ ሴቶች ሰፊ ሜዳ ላይ ተበታትነው ቆመዋል፤ አንዷ ከሩቅ እየሮጠች መጥታ ክንዷን ከጆሮዋ አጠገብ አሽከርክራ ወረወረች። ሁለት አገሮች በሴቶች ክሪኬት እየተጋጠሙ ነው። አጠገቤ የነበሩት ወጣቶች ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ወደ እግር ኳሱ ይቀየርልን አሉና ተቀየረ። እኔ ግን ሻዬን ሳልነካው ብዙ ቆየሁ። የዚያች ልጅ ክንድ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።

አሁን የምነግርሽን ለማንም ነግሬው አላውቅም። እንዳትታዘቢኝ አልልሽም፤ ታዘቢኝ። የሚገርመኝ ግን ይኼ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ያኔ የቀናሁት ቅናት ዛሬም አለመልቀቁ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ መጥቶ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል ይሠራል፤ ማታ ሲገባ ፀጉሩ ላይ ጥጥ ያረፈበት፣ የማሽን ዘይት የሚሸት ሰው ነበር። የሒሳብ አስተማሪያችን ህንድ ናቸው። ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ጠመኔ የነካው እጃቸውን በመሐረብ እየጠራረጉ በጣም ፈጣን እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ክፍል ውስጥ ቁጡ ናቸው። ከትምህርት በኋላ ግን የሳሪያቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ ሸጉጠው ስምንት ሴቶች ልጆችን ወደ ሐይቁ ዳር ይዘውን ይወርዱና ሌላ ሰው ይሆናሉ።

በበጋ ውሃው ሲሸሽ፣ ታንኳ ከሚሠራበት ከደንገሉ ወዲህ ደረቅ፣ ጠፍጣፋ ሜዳ ይወጣል። እዚያ ነው ክሪኬት ያስተማሩን። የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ቀን ስምንት ልጃገረዶች ዱላ ይዘው ሐይቅ ዳር የሚሰበሰቡት ለምንድን ነው ብሎ መጥቶ ነበር። አስተማሪያችን ጨዋታ መሆኑን አስረዱት፤ ህንድም ወዳጅ አገር መሆኗ ተነገረው። አሰበና ፈቀደ፣ ግን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መፈክር ይሰማ አለ። ስለዚህ ሁልጊዜ በተርታ ቆመን፣ ግራ እጃችንን ጨብጠን አንስተን፣ ለደንገሉና ለወፎቹ መፈክር አሰምተን ነበር የምንጀምረው።

ጨዋታውን የማታውቂው ከሆነ ቀላል ነው። ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች መሬት ላይ ይተከላሉ። አንዷ ጠፍጣፋ ዱላ ይዛ ከፊታቸው ትቆማለች፤ ሌላዋ ሃያ ምናምን እርምጃ ርቃ እየሮጠች ትወረውራለች። እንጨቱን ከጣለችው ባለዱላዋ ወጣች ማለት ነው። አንድ ክልክል ነገር አለ። የምትወረውረዋ ክንዷን ከክርኗ አጥፋ መወርወር አትችልም። ድንጋይ እንደሚወረወረው ከሆነ አይቆጠርም፤ ክንድ ቀጥ ብሎ፣ ከጆሮ ጎን ተሽከርክሮ ነው መምጣት ያለበት። ሌላም ብዙ ሕግ አለው... አይ፣ ይኼን ሁሉ አላበዛብሽም። ክንድ አይታጠፍም፤ እሱን ብቻ ያዢልኝ።

አስተማሪያችን ቤት ግድግዳ ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶ ነበር። ነጭ በነጭ የለበሱ ዐሥራ አንድ ሴቶች በሁለት ረድፍ። ከፊት ረድፍ ዳር ላይ በርከክ ያለችው ታናሽ እህታቸው ናት፤ ለአገሯ ብሔራዊ ቡድን ትጫወታለች። ውድድር ሲኖር ከትምህርት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተሰብስበን ራዲዮናቸውን እንከባለን። ራዲዮኑ ያፏጫል፣ ይንሾካሾካል። የወንዶቹ ወሬ ተወርቶ ተወርቶ ሲያልቅ፣ በመጨረሻ ስለ ሴቶቹ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገራል። አስተማሪያችን ለእነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሲሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ጆሯቸውን ከራዲዮኑ ላይ አያነሱም። የእህታቸው ስም ከተጠራ ለሁላችንም ከረሜላ ያድሉናል፤ ካልተጠራም ያድሉናል፣ ግን ሳይስቁ።

አንድ ቀን እህታቸው ባሕር ማዶ ስትጫወት የሆነውን ነገሩን። ዱላ የነካ ኳስ ሳይወድቅ ከተያዘም ያስወጣል፤ የእሷ ኳስ ግን ዱላዋን ሳይነካ ተይዞ ሳለ ዳኛው ነክቷል ብሎ አስወጣት። ሜዳው ሙሉ ሰው ስህተቱን አይቷል። እሷ ግን ዱላዋን በብብቷ ይዛ ወጣች፤ ዞር ብላ ዳኛውን እንኳ አላየችውም። በዚህ ጨዋታ ከዳኛ ጋር ክርክር የለም፣ ቃሉ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው አሉን። ሌሎቹ ልጆች ያዘኑት ለእህትየዋ ነው። እኔ ግን ስለ ዳኛው ማሰቤን አስታውሳለሁ።

እንግዲህ ወደ ጓደኛዬ ልምጣ። አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። አባቷ ሐይቁ ዳር ባለው ደብር ዜማ የሚያስተምሩ፣ ከማስተማሩ ሲተርፋቸው የብራና መጽሐፍ የሚደጉሱ፣ ቆዳ የሚያለብሱ መሪጌታ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እሷ ዝምተኛ፣ ረጅም፣ እጀ ረጅም ልጅ ነበረች። በየዓመቱ ቡናው ሲቀላ እናቷ አገር ዘጌ እየሄደች በድንጋይ ጦጣ ከቡናው ስታባርር ነው ያደገችው። ስለ ክሪኬት ምንም አታውቅም፣ ግድም አልነበራት። ያመጣኋት እኔ ነኝ።

ያመጣኋትም በኳስ ምክንያት ነው። አስተማሪያችን ካገራቸው ካመጧቸው ሁለት ኳሶች አንደኛው ሐይቅ ገብቶ ቀረ፣ ሌላው ስፌቱ ተበትኖ ሆዱ ወጣ። ስኳር እንኳ በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን የክሪኬት ኳስ ከየት ይመጣል? እኔ ከአባቴ ፋብሪካ የሚጣል ቁርጥራጭ ክር ለምኜ፣ ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ጠቅልዬ ጠቅልዬ ድንጋይ አስመሰልኩት። ቆዳ የሚያለብሰው ግን ጠፋ። ያኔ ጓደኛዬ፣ አባቴ ጋ ልውሰደው፣ አለችኝ።

የኔታ ቤት የለፋ ቆዳና የቀለም ሽታ ነበረው። ኳሱን እያገላበጡ አይተው ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በዱላ እንደሚመታ ስነግራቸው ትንሽ ከበዳቸው። ከዚያ መጽሐፍ የሚያለብሱበትን ቀይ የፍየል ቆዳ ቀደው፣ መጽሐፍ በሚሰፉበት ክር፣ ስፌቱ ከፍ ብሎ በጣት እንዲዳሰስ አድርገው ሰፉት። ለዱላ በሚሰጥ ነገር ላይ መስቀል አላትምም ብለው ዙሪያውን ሐረግ ብቻ አተሙበት። እንደዚያ ያለ ቆንጆ ኳስ ዛሬም በቴሌቪዥን አላየሁም።

ኳሱን ይዛ ሜዳ የመጣች ቀን አስተማሪያችን እንደ ቀልድ እስቲ ወርውሪው አሏት። እንዴት እንደሚወረወር በእጃቸው አሳዩዋት። ሁለት ጊዜ ሳተችው። ሦስተኛውን ስትወረውር ኳሱ መሬት ነካና እንደ መኪና ታጠፈ፤ ሦስቱንም እንጨት ጠረገው። አስተማሪያችን ሄደው ኳሱን ራሳቸው አነሱና በሁለት እጃቸው መልሰው ሰጧት።

እስከዚያ ቀን ድረስ አንደኛዋ እኔ ነበርኩ። ሕጉን ሁሉ የማውቀው እኔ፣ ነጥብ የምመዘግበው እኔ፣ የአስተማሪያችንን እንግሊዝኛ የምሰማው እኔ። ሌሊት በሕልሜ ነጭ ለብሼ እጫወት ነበር። እሷ አንድ ቀን ሳታልም፣ ሳትመኝ መጥታ ወሰደችው። ቀናሁ። ቅናት ልብ ያቃጥላል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን የያዘኝ ጥርሴን ነው፣ ጠዋት ስነሳ መንጋጋዬን ያመኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ አስተርጓሚዋ እኔ መሆኔ ነው። የአስተማሪያችን አማርኛ «ጎበዝ» እና «ቀስ በይ» ከማለት አያልፍም። የእሷ እንግሊዝኛ ደግሞ ደካማ ነው። ስለዚህ ሙገሳዋ ሁሉ በእኔ አፍ ነው የሚያልፈው። አንድ ቀን፣ እንዲህ ያለ ክንድ በዕድሜዬ ያየሁት የእህቴን ብቻ ነው በያት፣ አሉኝ። ዞር ብዬ «ደህና ነው፣ በርቺ ይሉሻል» አልኳት። እሷም ፈገግ ብላ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ አለችኝ፤ እሱን በትክክል ተረጎምኩት። ሌላ ቀን ከእህቴ ደብዳቤ መጣ፣ ባለ ክንዷ ልጅ እንዴት ናት ብላ ጠይቃለች በያት አሉኝ። «እህታቸው ሁላችሁንም ሰላም ብላለች» አልኩ። ሁላችሁንም ስል እኔንም አስገባሁ።

አትሳሳቺ፣ ክፉ አልነበርኩም። እርሳስ ሲጠፋባት የራሴን ሰብሬ እሰጣታለሁ። ዝናብ ሲመጣ ከአንድ ነጠላ ስር እንሮጣለን። ሜዳ ስንደርስ ብቻ ነው አንድ ነገር የሚጨብጠኝ።

በዚያው በጋ መጨረሻ አስተማሪያችን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዘው እየሳቁ ገቡ። እህታቸው ውድድር ጨርሳ ወደ አገሯ ስትመለስ እግረ መንገዷን ልትጠይቃቸው ነው፤ ሦስት ቀን ባሕር ዳር ትቆያለች። ቅዳሜ ከእኛ ጋር ትጫወታለች። እዚያ የተጫወተችበትን እውነተኛ ኳስ ይዛ ትመጣለች፤ እንጨቷን ለጣለች ልጅ ኳሱን ትሰጣለች። ይህን ሲሉ ወደ ዴስካችን ተመለከቱ። ወደ እኔ ሳይሆን ከእኔ ጎን ወደ ተቀመጠችው።

ያን ኳስ ፈለግሁት። እንዴት እንደፈለግሁት ልነግርሽ አልችልም። ባሕር ዳር ከገባን ጀምሮ አንድም ቀን ከከተማዋ ወጥቼ አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል፤ ያ ኳስ ግን ብሔራዊ ቡድን በተሰለፈበት ሜዳ የተንከባለለ፣ ራዲዮናችን የሚያፏጭበት ያ ሩቅ ቦታ በእጅ ሲዳሰስ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከፋብሪካው ግንብ ኋላ ብቻዬን ስወረውር ሰነበትኩ። ትከሻዬ አብጦ እናቴ በሙቅ ውሃ ታሸኝ ነበር።

እህትየዋ ከፎቶው ይልቅ አጭር ናት። ፀጉሯን አንድ ጉንጉን ሠርታ፣ ነጭ ሸሚዝና ነጭ ሱሪ ለብሳ፣ ፀሐይ ያጠቆራት ናት፤ ስትስቅ የተሸረፈ የፊት ጥርሷ ይታያል፣ ኳስ መትቷት ነው አሉን። በተርታ ቆመን መፈክራችንን ስናሰማ እሷም ከጎናችን ቆማ ግራ እጇን አነሳች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ነፋሱ ከሐይቁ የዓሣና የእርጥብ ደንገል ሽታ እያመጣ፣ ውሃው እያንፀባረቀ ዓይን ይወጋል። የእኛን ኳስ ስትቀበል የሐረጉን ጌጥ አየች፣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ዳሰሰች፣ ማን ሰፋው ብላ ጠየቀች። ነገርኳት። በዚህ ነው የምንጫወተው አለች፤ ኳሱን ለሰፉት ሰው ልጅ፣ አባትሽን አገሬ ብወስዳቸው ሀብታም ይሆናሉ በያት አለችኝ። «ጥሩ ኳስ ነው አለች» አልኳት።

ብዙ ጊዜ ዳኛው አስተማሪያችን ናቸው። ያን ቀን ግን ከእንጨቶቹ ኋላ ሆነው ኳስ የሚቀበሉት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሕጉን ከሁላችን በላይ ታውቃለች ብለው ዳኝነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ከምትወረውረዋ ጎን ቆሜ ክንዷን የማይ እኔ ነኝ። እያንዳንዳችን ስድስት ስድስት እንወረውራለን።

መጀመሪያ የወረወርኩት እኔ ነኝ። ሦስቱን ዱላ የያዘችው እህትየዋ መትታ ደንገል ውስጥ አስገባቻቸው። ሁለቱን በእርጋታ ገፋቻቸው። ስድስተኛውን ስወረውር ጮኼ ነበር፣ ከኃይሌ ብዛት፤ እሷ ግን ዱላዋን ዘንበል አድርጋ እግሯ ስር አቆመችውና በርቺ አለችኝ። ያቺ በርቺ ከእኔ ትርጉም ጋር አንድ ዓይነት ነበረች። ገባኝ። ሌሎቹም ወረወሩ፤ ማንም አልጣላትም።

የመጨረሻዋ ጓደኛዬ ናት። ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ቋጠረች። ከመጀመሪያው ውርወራ ጀምሮ የእህትየዋ ፊት ተለወጠ፤ መሳቋን ተወች። እግሯን አስተካክላ ቆመች። ሁለተኛውን በዱላዋ ሳተችው፣ ኳሱ ከእንጨቱ አጠገብ በጣት ስፋት አለፈ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። ሜዳው ፀጥ ብሎ የምሰማው የጓደኛዬን ትንፋሽ ነው። ስድስተኛውን ልትወረውር ከጎኔ ስታልፍ የክንዷ ነፋስ ጉንጬ ላይ ተሰማኝ። ቀጥ ያለ ነበር። እግዜር ያየዋል፣ እኔም አይቼዋለሁ፤ ከትከሻዋ እስከ ጣቷ እንደ መቋሚያ ቀጥ ያለ። ኳሱ በስፌቱ መሬት ነካ፣ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ከእህትየዋ ዱላና እግር መሐል ሾልኮ የመሐለኛውን እንጨት ነቀለው።

አስተማሪያችን ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እህትየዋ ዱላዋን ጣል አድርጋ፣ እየሳቀች፣ እጇን ዘርግታ ወደ ጓደኛዬ መምጣት ጀመረች። ልታቅፋት ነው። አስታውሳለሁ፣ በመካከላቸው ዐሥር እርምጃ ያህል ነው የቀረው። ያኔ እጄን በጎን ዘረጋሁ። በዚህ ጨዋታ እጅ በጎን ሲዘረጋ ውርወራው አይቆጠርም ማለት ነው።

«ክንዷ ታጥፏል» አልኩ በእንግሊዝኛ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

አስተማሪያችን መጡ። ዓይኔን እያዩ እርግጠኛ ነሽ ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እህትየዋ ክንዳቸውን ያዝ አደረገቻቸው። ዳኛዋ ተናግራለች አለች። ተመልሳ ሄዳ እንጨቱን ራሷ ተከለችው። እንደዚያ እንደምታደርግ አውቅ ነበር፤ በረንዳው ላይ ተነግሮኛል።

ጓደኛዬ ነገሩ አልገባትም። አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን እያየች «ምን አሉ?» አለችኝ። እንደታጠፈ ነገርኳት። ቀኝ ክርኗን በግራ እጇ ያዘችው፤ ቀስ ብላ አጠፈችው፣ ዘረጋችው። ትጮኻለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሆንልኝ መልሼ እሰድባት ነበርና ይቀለኝ ነበር።

እንጨቱን የጣለች ልጅ የለችም ተባለ። ጨዋታው አልቆ ዕቃ ስንሰበስብ እህትየዋ እኔ ጋ መጣች። ጓደኛ ሳትል እውነቱን የተናገረች ዳኛ በብዙ አገር ሜዳ አላየሁም አለችኝና ኳሱን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ጥቁር ቀይ ነው፣ አንድ ጎኑ የሻከረ፣ አንድ ጎኑ የሚያብረቀርቅ። ከጎናችን የቆሙት ልጆች ምን አለችሽ አሉኝ። መተርጎም አቃተኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ያን ኳስ አንድ ቀን እንኳ አልወረወርኩትም። ሣጥን ስር ከልብስ በታች ከተትኩት። ሌሊት ሳስበው ይቆጨኝ ነበር፣ ግን ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ቁጭቱ መሐል ደስታ ነበረበት፤ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም የሚል። ከዓመታት በኋላ እናቴ የገና ጨዋታ ለሚጫወቱ የሰፈር ልጆች ሰጠችው፤ በአንድ ቀን በትነው ጨረሱት። ስሰማ እፎይ አልኩ።

ጓደኛዬ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ክፍል ትመጣለች፣ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ሜዳ ግን አትመጣም። አስተማሪያችን እየደጋገሙ ጠየቁኝ። አኩርፋለች ብዬ ተረጎምኩ፤ አላኮረፈችም ነበር። እኔም ዛሬ ይቅር፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈ። ጊዜው ሲረዝም እውነቱ ከአፌ እየራቀ ሄደ። ክረምቱ ሲገባ አስተማሪያችን ኮንትራታቸው አልቆ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የኔታም እንፍራንዝ በኩል ወዳለ ደብር ተጠርተው ቤታቸውን ነቅለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አይቻት አላውቅም። በጎንደር መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ግን እንፍራንዝ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም በመስኮት ረጃጅም ሴቶችን አያለሁ።

ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። እነግራታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። የኔታ ደጃፍ ላይ ቆዳ እየፋቁ አገኘኋቸው፤ ተማሪዎቻቸው ከዛፍ ስር ተቀምጠው ዜማ ይቀጽላሉ፣ እየደጋገሙ ይለማመዳሉ። አንዱ ሲስት የኔታ ከቆዳው ላይ ቀና ሳይሉ በጉሮሯቸው ብቻ ያርሙታል፤ ልጁም ያለ ምንም ክርክር ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንደገና ይስታል፣ እንደገና ይጀምራል።

«እንደት ነሽ ልጄ» አሉኝ። «ጓደኛሽ ባሕሩ ዳር ናት። ከወደቀ ሸምበቆ ቆርጣ ወረደች። እንጃ፣ ሰሞኑን ሥራዋ እሱ ነው።»

ወረድኩ። ደንገሉ መሐል ባለች ትንሽ ገላጣ ቦታ ብቻዋን አገኘኋት። ሦስት ጭራሮ ተክላለች። ቀኝ ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ ግራና ቀኝ፣ ሁለት የተሰነጠቀ ሸምበቆ በመጽሐፍ መስፊያ ክር አስራለች፣ ወጌሻ የተሰበረ እጅ እንደሚያስረው። ከስሩ ቆዳዋ ተልጦ ቀልቷል። አየችኝና ደስ አላት። እውነት ደስ አላት።

ምን እያደረግሽ ነው አልኳት።

«እያረምሁት ነው» አለችኝ። «እኔ ቀጥ ያለ ነበር የመሰለኝ። ግን የራስን ክንድ ማን ያያል? አንች ካልሽ ታጥፏል ማለት ነው። አባቴ የሚያርማቸው ልጆችም የሳቱ አይመስላቸውም።»

የመጣሁበትን ነገር ልናገረው አፌን ከፈትኩ። ዛሬ ሳስበው ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፤ ሰው የለ፣ ዳኛ የለ፣ ኳስ የሚሰጥ የለ። ግን ከነገርኳት ያ ደስታዋ ፊቷ ላይ ምን እንደሚሆን ታየኝ። ደግሞ፣ ይሄንንም ልንገርሽ፣ ሸምበቆው እንዳሰናከላት ታየኝ። ጭራሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንዱም አልወደቀም። ከስሩ ያለው መሬት በሳቱ ውርወራዎች ተቆፋፍሯል። ያ አገር ጉድ ያሰኘ ክንድ ደርቆ ጠፍቷል። እኔ ውስጥ የነበረው ነገር ደግሞ ይህን ሲያይ ተኛ።

ክንዷን ዘረጋችልኝ። «በግራ እጄ ሳስረው ይላላብኛል» አለችኝ። «ጠበቅ አድርገሽ እሰሪልኝ።»

ክሩን ፈታሁት። ላብና የቆዳ ሽታ ነበረው። ሸምበቆዎቹን አስተካክዬ፣ አንዴ አዞርኩ፣ ሁለቴ አዞርኩ፣ ሦስቴ፤ ቋጠርኩት። አመመሽ ወይ አልኳት፤ አይ አለች። የአባቷን ኳስ አንስታ ሮጠችና ወረወረች። ኳሱ መሐል መንገድ ላይ ወድቆ ወደ ውሃው ተንከባለለ። እሷ ግን ኳሱን አላየችም፤ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነበር።

«አሁንስ?»

«አሁን ቀጥ ብሏል» አልኳት።

ሳቀች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ወረወረች፤ እኔም ጫማዬን አውልቄ ውሃው ውስጥ እየገባሁ ኳሱን አመላለስኩላት።